እናት ካልዞረች ጥያቄው ይዙር

መምህር ሻንካ ማረፋቸውን የሰማሁት በጸሎት ቤት ነው። ስብከቱ አብቅቶ ሽማግሌው ማስታወቂያ ለመናገር ተነሡ። ስለ ጣሪያው ጥገና ተናገሩ፤ ስለ መዘምራኑ ልምምድ ተናገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የጉኑኖው መምህር ሻንካ ወደ ጌታ ሄደዋል፤ ቀብራቸው ነገ ነው» አሉ። እኔ በሴቶቹ ወገን፣ በግራ በኩል ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ያለችው ሴት፣ «ታውቂያቸዋለሽ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር።

እኔ ብዙ መናገር አልችልም። ልጄ ማርታ፣ «እማዬ ደብዳቤ ስትጽፊ ሰላምታው ሳያልቅ ትፈርሚያለሽ» ትለኛለች። ስለ እኚህ ሰው ግን ዝም ብል እግዚአብሔር የሚጠይቀኝ ይመስለኛል።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ ሶዶ ላይ ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ እኔንና ማርታን የሚጠይቁን ታላቅ ወንድሙ ጋሼ አንጁሎ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። በቆሎ ሲደርስ ያመጡልናል፤ ቤቱ ሲያፈስ ሣር ያስከድኑልናል። ማርታ ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ግን አንድ ቀን መጥተው፣ ሁምቦ ውስጥ፣ ተበላ በምትባል ከተማ፣ ደህና ቤተሰብ እንዳገኙላትና ለሰዎቹ ቃል እንደሰጡ ነገሩኝ። ልጁን አላየሁትም። ወላጆቹ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ናቸው አሉኝ። ይሆናሉ። ነገር ግን እኔ ራሴ የዚያ ቆላ ልጅ ነኝ። ዝናብ በቀረበት ዓመት ሴት ልጅ እንስራ አዝላ እስከየት እንደምትሄድ አውቃለሁ።

በዚያው ሰሞን የድሬሰር ትምህርት ቤት ከአውራጃችን ጥቂት ተማሪዎችን በፈተና እንደሚወስድ ተነገረ። ድሬሰር ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ መድኃኒት የሚያድል ሠራተኛ ነው። አባቷ ታሞ በተኛበት ጊዜ አንድ ድሬሰር እየመጣ ያክመው ነበር፤ ውሃውን የምታሞቅለት ማርታ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም። ጋሼ አንጁሎን ለመንኳቸው። እንዲህ አሉኝ፦

«ካለፈች ተበላ ሄጄ ቃሌን እመልሳለሁ። ፊቴ ይጥቆር፣ ግድ የለም። ከወደቀች ግን ውጤቱ በወጣ ሳምንት ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ከዚያ ወዲያ አትለምኚኝ።»

«እሺ» አልኩ።

የሚያስፈራው ፈተናው ነበር። ቀደም ብለው የተፈተኑ ልጆች፣ ክፍል ውስጥ ያልተማሩት ነገር እንደሚመጣ ያወራሉ። ሰዎች በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ነጋዴው ከሐኪሙ በስተቀኝ ነው፤ ዳኛው ከአስተማሪው ፊት ለፊት ነው፤ እንግዲህ ከልብስ ሰፊው በስተግራ ያለው ማነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ። ደግሞም በቅንፍ የታጨቁ ረጃጅም ቁጥሮች፣ በላያቸው «አቃልል» የሚል ትእዛዝ። ጎበዞቹ የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው ይባላል። በከተማችን ይህን የሚያስጠኑ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

መምህር ሻንካ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለ ሰው ነበሩ። በበጋም በክረምትም የሚለብሱት ያንኑ ካኪ ኮት ነው። ጠመኔ የሚይዙት በቀኝ ኪሳቸው ብቻ ስለሆነ ያ ኪስ ሁልጊዜ ነጭ ነበር። ሲያስቡ መታ መታ ያደርጉታል፤ ብናኙ ቡን ይላል። ቀኝና ግራውን ያምታታ ተማሪ ስሙ ይቀርና «ነነዌ» ይባላል፤ በመጽሐፍ የዚያች ከተማ ሰዎች ቀኛቸውን ከግራቸው አይለዩም ነበርና። «ና እስቲ ነነዌ፣ ወደ ሰሌዳው ውጣ» ሲሉ ሌሎቹ ይስቃሉ። በማግስቱ ተራው የሳቂዎቹ ነው።

አማርኛቸው እንደ ብዙዎቻችን አማርኛ በወላይትኛ የተቃኘ ነበር። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋሉ። «ማርታ ጨርሷል» ይላሉ። ልጆቹ ሲስቁባቸው፣ «ዛሬም ወንድ አደረግኩህ እንዴ፣ ማርታ?» ብለው ያብሱታል። ከዚያ ጣታቸውን ያነሣሉ። «ፈተናው ላይ እንደ ሬዲዮ ተናገሩ። እንደ እኔ አትናገሩ።»

ልለምናቸው የሄድኩ ቀን ከክፍል ሲወጡ አገኘኋቸው።

«አንድ ልጅ ብትጨምሩልኝ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ልጁ ማነው?»

«ሴት ናት።»

ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። «የማስጠናቸው ወንዶች ብቻ ናቸው። ሰው ያወራል።»

«አብሬያት እመጣለሁ።»

«ይምጡ እንግዲህ» አሉኝ። «አንድ ሰው ጎድሎኝ ነበር።»

የምን ሰው እንደጎደላቸው በማግስቱ ነው የገባኝ። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ወለሉ ላይ በጠመኔ ትልቅ ክብ አሠመሩ። በክቡ ዙሪያ በርጩማ ደረደሩ። «ጥያቄ በወረቀት ላይ ከመሠራቱ በፊት በመቀመጫ ይሠራል» አሉ። አንዱን ልጅ ሐኪም አደረጉት፤ አንዱን አስተማሪ፤ ማርታን ልብስ ሰፊ፤ የክፍሉን አንደኛ ማቴዎስን ዳኛ። አንድ በርጩማ ባዶ ቀረ።

«የማርታ እናት፣ እርስዎ ነጋዴ ነዎት። ከማቴዎስ በስተግራ ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ነገር ግን ባሏ የሞተባት ሴት ከጎረምሶች ጋር ጉልበት ለጉልበት፣ ፊት ለፊት አትቀመጥም። እኔ እንደዚያ አላደግኩም። በርጩማውን አዞርኩና ፊቴን ወደ በሩ አደረግኩ፤ ጀርባዬን ለክቡ ሰጠሁ።

«መምህር፣ ነጋዴው ኮርፏል» አለ ማቴዎስ።

«ሱቁን እየጠበቀ ነው» አለ ሌላው።

ሳቁ። ማርታ አንገቷን ደፋች፤ ባላይም አወቅኩት። መምህሩ ይዙሩ ቢሉኝ ኖሮ ተነሥቼ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር፤ ነገሩም በዚያው ባበቃ። ከኋላዬ የኪሳቸውን መታ መታ ሰማሁ።

«እናታችንን ማንም አያዞርም» አሉ። «እናት ካልዞረች ጥያቄው ይዙር።»

ወደ ሰሌዳው ሄደው ጻፉ፤ እየጻፉም አነበቡት። «ነጋዴው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል። የተቀሩት ወደ መካከል ያያሉ። እንግዲህ ከነጋዴው በስተቀኝ ያለው ማነው? ማቴዎስ።»

«እኔ ነኝ» አለ ማቴዎስ ወዲያው።

«ነነዌ» አሉት። «የእናታችንን ቀኝ እጅ እየው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጥያቄው አንድ ሰው ወደ ውጭ ያያል። አንዳንድ ቀን፣ «ዛሬ ሁላችሁም እንደ ማርታ እናት ተቀመጡ» ይላሉ፤ ሁሉም ጀርባውን ለክቡ ይሰጣል፤ ቀኙ ሁሉ ግራ፣ ግራው ሁሉ ቀኝ ይሆናል። እኔ በሩን እያየሁ እጸልያለሁ።

እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው እንዲህ ባለ ፈተና ወድቀው ነበር። አልደበቁትም፤ እንዲያውም እየሳቁ ይተርኩት ነበር። «ክብ ጠረጴዛ አይቼ አላውቅም። ዳኛውን ራስጌ አስቀመጥኩት፤ ትልቅ ሰው ነዋ። ሴቶቹን በግራ፣ ወንዶቹን በቀኝ አደረግኩ፣ እንደ ጸሎት ቤት። ጥያቄው ግን እንዲህ አላለም። ወላይታን ተሸክሜ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ።» ከዚያ ሳቃቸው ይቆማል። «ክብ ጠረጴዛ ራስጌ የለውም። ያልተባለ አልተባለም።» ይህን ቃል ልጆቹ በእንቅልፋቸውም የሚሉት ይመስለኛል። ያልተባለ አልተባለም።

ሌላም ቃል አለ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በጸሎት ቤት ነው። ሰሌዳው ላይ «አቃልል» የሚለውን መጀመሪያ ሳነብ ጸሎት የጻፉ መሰለኝ፤ ሸክሜን አቃልልልኝ እንደምንለው። ለማርታ ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ ለሳቸው ነገረች። አልሳቁም።

«ልክ ነዎት» አሉኝ። «ሸክም የሚቀለው ከውስጥ ነው። ለዚህ ነው ከቅንፉ የምንጀምረው። ውስጡ ሳይፈታ ውጪውን አትንኩ፤ ከዚያ አባዙ፣ አካፍሉ፤ መደመርና መቀነስ መጨረሻ ነው።» ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ከቅንፉ መጀመርን ግን በብዙ ነገር ተጠቅሜበታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዳሞታ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ዝናብ ጀመረ። ክፍሉ ጨለም ብሏል። ፊቴ ወደ በሩ ስለነበር መጀመሪያ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ጋሼ አንጁሎ በትራቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸው ርሶ፣ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ከኋላዬ ማርታ በሁለት ጎረምሶች መካከል ተቀምጣለች። ልነግራት አልቻልኩም።

«እዚህ ነው እንዴ የምትውሉት?» አሉ።

መምህር ሻንካ ወደ በሩ መጡ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ። ይግቡ፤ ዝናብ ነው። የዛሬ ተረኛ ዳኛችን ቀርቶብናል፤ ዳኛ ይሁኑልን።»

ጋሼ አንጁሎ ገቡ። ዓይናቸው በክቡ ዞሮ ማርታ ላይ ቆመ። ከዚያ ባዶውን በርጩማ አልፈው ሄደው ሰሌዳው ሥር ባለው በመምህሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በየትም ቤት የሚቀመጡት እንዲህ ነው፤ ቦታቸው ራስጌ ነው።

መምህሩ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት ብዬ በልቤ ለመንኩ። ዝም አላሉም።

«ጋሼ፣ እዚህ ራስጌ የለም። የዳኛው ቦታ ከማርታ በስተግራ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማል። ጋሼ አንጁሎ ወደ ሰሌዳው ዞር አሉ።

«ይኸ ምን ይላል?»

ማቴዎስ በቀስታ፣ «አቃልል ይላል» አለ።

«ትልቅ ሰው ማቃለል ነው እንዴ የምታስተምሩት?»

የሳቀ የለም። መምህር ሻንካ ጠመኔውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ላጠፋሁት ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎን የማቃልል ሰው አይደለሁም። ግን ይህች ልጅ ፈተናው ላይ እርስዎን ራስጌ ካስቀመጠች ትወድቃለች።»

«ብትወድቅስ? የምትገባበት ቤት አላት።»

«ከወደቀች ባለማወቅ ትውደቅ፣ ጋሼ። እርስዎን በማክበር አትውደቅ።»

ጋሼ አንጁሎ ተነሡ። ከማርታ በስተግራ አልተቀመጡም። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «ውጤቱ እስኪወጣ ነው» አሉኝ፤ ወደ ዝናቡም ወጡ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ዕለት መምህሩን ተቀየምኳቸው። ልጄን ያጠፉብኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን የ«ይህች ልጅ» አነጋገራቸው እንደ ሬዲዮ ሆኖ እንደወጣላቸው እንኳ አላስተዋሉም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ማርታ ስትገባ እኔ ከግቢው አጥር ውጪ ተቀመጥኩ። መምህር ሻንካ ዋርካው ሥር ቆመው ነበር፤ አልተነጋገርንም። ልጆቹ ሲወጡ ተሰብስበው ወደሳቸው ሄዱ። እኔም ተጠጋሁ።

«የመቀመጫው ጥያቄ መጣ?»

«መጣ» አለ ማቴዎስ። «ከሐኪሙ በስተቀኝ ያለው ማነው ይላል። ነጋዴው ነው።»

«ነጋዴው ነው» አሉ ሌሎቹም፣ ተራ በተራ።

«ማርታ ምን ጻፈ?»

በዚያን ቀን በአነጋገራቸው የሳቀ አልነበረም። ማርታ መሬት መሬት እያየች፣ «ዳኛው» አለች።

«ነነዌ» አለ ማቴዎስ፣ ቀስ ብሎ።

«ጀርባቸውን ለጠረጴዛው ሰጥተው ይል ነበር እኮ» አለች።

«የት?»

«መጀመሪያው መስመር ላይ።»

«እንደዚያ የሚል የለም።»

«እኔም አላየሁም» አለ አንዱ። ሌላው ትከሻውን ነቀነቀ። ወረቀቱን ፈታኞቹ ሰብስበውታል። መምህር ሻንካ ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ፤ ዐይናቸው ከማርታ ፊት አልተነቀለም።

«ያልተባለ አልተባለም» አሉ በመጨረሻ። «ከተባለም ተብሏል። ወደየቤታችሁ ሂዱ።»

ቤት ልንደርስ ስንል ማርታ ቆመች።

«እማዬ፣ ሳይኖር አንብቤው ቢሆንስ? አንቺን አስቤ እኔ ጨምሬው ቢሆንስ?»

ይህ ጥያቄ ልቤን ወጋኝ። መምህሩ ወላይታን ተሸክመው ሄደው እንደወደቁት፣ ልጄም የእኔን ጀርባ ተሸክማ ገብታ ይሆናል። እንደ ሌሎቹ ሰዎች ፊቴን ወደ ክቡ አድርጌ ብቀመጥ ኖሮ አታስበውም ነበር። እጇን ያዝኩ።

ውጤቱን ስንጠብቅ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ‹ጀርባቸውን ሰጥተው› የሚል አድርገው» ብዬ ግን መጸለይ አልቻልኩም፤ የተጻፈው ተጽፏል። «አቃልልልኝ» ብቻ አልኩ። ከተበላ የሚመጡት ሽማግሌዎች ማንና ማን እንደሆኑ ጎረቤት ሁሉ ያወራ ነበር። ማርታ መስማት ትታ ነበር።

አንድ ጠዋት ጓሮ ስኳር ድንች ስቆፍር ጋሼ አንጁሎ መጡ። ግቡ ብላቸው አልገቡም። በትራቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ።

«ተበላ ልሄድ ነው» አሉኝ።

ሽማግሌዎቹን ሊያመጡ ይሁን ሌላ፣ ከፊታቸው አልተነበበልኝም። መቆፈሪያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ለምን?»

«ቃሌን ልመልስ።»

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ቁጭ አሉ፣ አጠገቤ፣ አፈሩ ላይ። ራስጌ አልፈለጉም።

«ያ መምህር» አሉ፣ «ከአውራጃው ቢሮ እስከ ገበያው ሮጦ ነው የመጣብኝ። ኮት ለብሶ፣ ትልቅ ሰው። ‹ጋሼ፣ ማርታ አልፏል› አለኝ። ሌላ ወንድ ልጅ መሰለኝና፣ እንኳን ደስ ያለው፣ የማን ልጅ ነው አልኩት።»

ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። ከዚያም ጋሼ አንጁሎ ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ፤ ፊታቸውን ሊያጠቁሩ ወደ ተበላ መንገድ ጀመሩ። ስለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ያ አንድ ጥያቄ ብቻውን አሳልፏት እንደሆነ አላውቅም። ይሁን እንጂ መምህር ሻንካ ፈታኙን ፈልገው ጠይቀውት ነበር። ጀርባቸውን ለጠረጴዛው ሰጥተው ይላል፤ መጀመሪያው መስመር ላይ። ማቴዎስም አልፎ ነበር። ቤታችን ድረስ መጥቶ ማርታን፣ «ነነዌስ እኔ ነኝ» አላት።

ማርታ ከመሄዷ በፊት ላመሰግናቸው ሄድኩ። አንድ ቅል ቅቤ ይዤ ነበር። ቅቤውን ለባለቤታቸው ሰጠሁ፤ ለሳቸው የምለውን ግን መንገድ ሙሉ ሳዘጋጅ መጥቼ ደጃፋቸው ላይ ስደርስ ከአፌ ጠፋ።

«እኔ ምን አደረግኩ?» አሉኝ እሳቸው ቀድመው። «የዞሩት እርስዎ ነዎት።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ ተመለስኩ። በኋላም በገበያ፣ በጸሎት ቤት ደጅ፣ ስንት ጊዜ ተገናኘን። «ማርታ እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ደህና ናት» እላለሁ። በዚሁ እንለያያለን።

ለቀብሩ ጉኑኖ ስንደርስ ሣጥኑ በግቢው መካከል፣ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ለቀስተኛው ዙሪያውን ከቦታል። ከጸሎት ቤቱ አግዳሚ፣ ከትምህርት ቤቱ በርጩማ አምጥተዋል። ማርታ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ቀጥታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊት ለፊታችን ወንዶቹ ነበሩ፤ አብዛኞቹ የሳቸው ተማሪዎች፤ ማቴዎስም አለ፣ ጠጉሩ ሸሽቶ። እኔ እንደ ልማዴ በርጩማዬን አዞርኩና ፊቴን ወደ አጥሩ አደረግኩ።

አንድ አስተናጋጅ ወጣት ጎንበስ አለልኝ። «እማማ፣ ይዙሩ እንጂ። ሣጥኑ በዚህ ወገን ነው።»

«ተዋት፣ ወንድሜ» አለችው ማርታ። «እናት ካልዞረች …» ብላ ጀመረች፤ መጨረስ አልቻለችም።

ያልተባለ አልተባለም ይሉ ነበር። ተነሣሁ። በርጩማውን አዞርኩ። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት፣ ነጠላዬን ከፊቴ ገልጬ፣ ወደ መካከል ዞሬ ተቀመጥኩ።

«መምህር» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»